ማንም ሳይነካው የጮኸው ኦርጋን

አሥረኛው የአብዮት በዓል አሥር ቀን ሲቀረው፣ አቃቂ ውስጥ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ፣ ማንም ጣቱን ሳያሳርፍበት ኦርጋኑ ጮኸ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኪነት ቡድኑን ልምምድ ሊያይ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው አንድ ጓድ መጥቷል። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። እንግዳው ወደ መድረኩ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጓዶች» ከማለቱ ኦርጋኑ ከኋላው እሪ አለ። አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ጆሮ የሚበሳ፣ እረፍት የሌለው። ተጫዋቹ ቀናው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ደርቆ ቀረ። እንግዳው ዞር ብሎ ሲያየው ጩኸቱ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ ብሎ ደግሞ «ጓዶች» ሲል ደግሞ ጮኸ። ከኋላ ወንበር የአንድ ሰው ሳቅ አመለጠ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሳቅ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ወርቅውሃ ከሴቶች ማኅበር ጓደኞቿ ጋር ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ቀናው ልጇ ነው፤ ሌላ ልጅ የላትም። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሞቷል። ልጁ ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ያጠነጥናል፣ ከሥራ ሲወጣ ቀበሌ መጥቶ ኦርጋን ይጫወታል። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ብብቱን ይዘው ከመድረክ ሲያወርዱት ከወንበሯ ተነስታ ወደ እነሱ ተጋፋች። ከዚያ ሁሉ ወሬ አንድ ቃል ብቻ ጆሮዋ ገባ፦ አሻጥር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምባው ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። ግን በእንግዳ ፊት ተዋርዷል፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ሳያገኝ እህል አይወርድለትም። ወርቅውሃ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል አነሳትና፣ ማሽኑ ደህና ከሆነ ልጅሽ ሆን ብሎ አስጩኾታል፣ ከተበላሸም የአዳራሹ ቁልፍ በሱ እጅ ስለሆነ ያበላሸው እሱ ነው አላት። ሰኞ ጠዋት ወደ ከፍተኛ ይላካል። እሷ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ከፍተኛ የተላኩ የሰፈር ልጆችን ታውቃለች፤ የተመለሰ አላየችም። ለምና፣ አልቅሳ፣ አንድ ነገር ብቻ አገኘች፦ የሚያውቅ ሰው ማሽኑን እስከ እሁድ ስድስት ሰዓት እንዲያየው።

የሚያውቅ ሰው ማለት ሙሀመድዘይን ነው። አቃቂ በሰቃ፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ሱቅ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን ወሎዬ። ራዲዮ ሲያመጡለት ገና ሳይከፍተው እንደ ሐኪም ይጠይቃል፦ መቼ ጀመረው፣ ከዚያ በፊት ምን ነካው፣ ከየት ወዴት ተዛወረ። ወርቅውሃንም እሁድ በጠዋት አዳራሽ ድረስ አብሯት እየሄደ እንዲሁ ጠየቃት። ምንም አልነካውም አለችው። ከልቧ ነው የተናገረችው።

አዳራሹን የሚጠብቀው ተክሌ ነበር፤ ጠብመንጃውን እንዳነገተ በሩን ከፈተላቸውና ከኦርጋኑ ራቅ ብሎ ቆመ። ሙሀመድዘይን ከቀላሉ ጀመረ። ስፒናውን ነቅሎ አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መሰኪያ በቴስተር ለካ። ደህና ነው። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ አበራው፤ ቀዩ መብራት በራ፣ ምንም የለም። ቀስ እያለ ከፍ ሲያደርገው መድረኩ ላይ እግሩን አዛወረ። ኦርጋኑ እሪ አለ።

ተክሌ ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ልትገድለው ነው እንዴ?» አለው ሙሀመድዘይን። «ሰውዬ፣ በሽተኛ ነው፤ ተወው እስቲ።»

ተክሌ አፍሮ ጠብመንጃውን መለሰ። ሙሀመድዘይን ከኦርጋኑ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደውን ገመድ ነቅሎ ከቤቱ ባመጣው ሌላ ገመድ ቀየረው። ጩኸቱ አለ። ገመዱን ጨርሶ ነቅሎ በጆሮ ማዳመጫ አዳመጠ። ጩኸቱ አለ። እንግዲህ በሽታው ከገመዱም ከማጉያውም አይደለም፤ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ከዚያ ወለሉን በተረከዙ መታ። ጮኸ። ደግሞ መታ። ቆመ። ሙሀመድዘይን ፈገግ አለ፦ «አየሽ እትዬ ወርቅውሃ፣ እንግዳው ሲናገር አይደለም የጮኸው፤ ሳንቃውን ሲረግጥ ነው። ውስጡ አንድ ነገር ተጣብቋል፣ ሲነቃነቅ ይነካካል። ልጅሽ የለበትም።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ልትሮጥ ነጠላዋን ስትሰበስብ፣ ቆይ፣ ምን እንደተጣበቀ አይተን ነው የምንናገረው ብሎ ያዛት። ስፒናውን ነቅሎ በካቻቢቴው ብሎኖቹን አንድ ባንድ ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ።

ከነጭና ከጥቁር ቁልፎቹ ሥር የተደረደሩት ቀጫጭን የነሐስ ምላሶች ነጭ ነገር ለብሰዋል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ገና ያልደረቀ ውሃ ኩሬ ሠርቷል። የኦሞ ሽታ ነው።

«ይሄ ዕቃ ታጥቧል» አለ።

ወርቅውሃ ክው አለች። እዚያው መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ሐሙስ ለታ ነው። ለበዓሉ የጽዳት ዘመቻ ተብሎ ማኅበሩ በሙሉ አዳራሹን ሲያጥብ ዋለ፤ ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ኦርጋኑ ላይ ነጭ ብናኝ ወርዶበት ነበር። ሴቶቹ ምሳ ሲሄዱ እሷ ቀረች። የልጄ ዕቃ በሰው ፊት ቆሽሾ አይታይም ብላ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እንደ ሕፃን ጣት በኦሞ ፈትጋ አጠበችው። በመካከላቸው የገባው ኖራ እንቢ ሲላት በጣሳ ውሃ አፈሰሰችበት። ዘቅዝቃ አንጠፈጠፈችው፣ ፀሐይ ላይ አቆየችው። ሲያብረቀርቅ አይታ ደስ ብሏት ነበር። ታጥቦ ፀሐይ የነካው ነገር ይበላሻል ብሎ ማን ነግሯት?

ሙሀመድዘይን ፊቷን አይቶ ሁሉ ገባው። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ ተክሌ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አይጥ ሸንታበት ነው እላለሁ፣ አንቺ ብቻ ዝም በይ አላት። ጥጥ በአልኮል እየነከረ ምላሶቹን ማጽዳት ጀመረ። ጩኸቱ ጠፋ፤ ውሃው ድምፃቸውን ከዘጋባቸው ቁልፎችም አብዛኞቹ ተነፈሱ። አራቱ ግን ተበልተዋልና ምንም ቢያደርጋቸው እንቢ አሉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጓድ አምባው ገባ። ሙሀመድዘይን የአይጧን ነገር አሳምሮ ተረከለት። ሊቀመንበሩ ሰምቶ ሲጨርስ፣ አይጥ ነው ብንል እንኳ አዳራሹን ለአይጥ የተወው ማን ነው፣ ቁልፍ ያዡ አይደለም ወይ አለ። ውሸቱ ዞሮ ያው ቀናው ላይ ወደቀ።

ወርቅውሃ ተነሳች።

«አይጥ የለም። እኔ ነኝ ያጠብኩት። ሐሙስ ለታ፣ በእነዚህ እጆቼ፣ በኦሞ። ልጄ አያውቅም። እኔን ላኩኝ።»

ሙሀመድዘይን ጥጡን እንደያዘ ቀረ። ጓድ አምባው ግን አልተቆጣም፤ የፊቱ ቀለም ነው የተለወጠው። ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ልጅሽ ትናንት ማታ ፈርሟል» አላት። «ውሃውን ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም የለበትም ብሎ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ፊርማ አየች፤ ማንበብ ባትችልም የልጇን ፊርማ መልክ ከደመወዝ ወረቀቱ ታውቀዋለች። ውሃ ነው ያለው። ማንም ያልነገረውን ውሃ። አርብ ዕለት ኦርጋኑን ሲከፍት ሽታው ነግሮታል ማለት ነው፤ ማን እንዳጠበውም አውቋል። አውቆ ዝም ብሏታል። ታስሮም ዝም ብሏል። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንድ ውሃ፣ ሁለት አፍሳሽ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «የትኛችሁን ነው የምልከው?»

ሙሀመድዘይን ነው የመለሰለት። ማንንም ብትልክ አራቱ ቁልፎች አይመለሱም አለው፤ ዕቃው ሳይገኝ አይጠገኑም፣ ዕቃው ደግሞ ውጭ አገር ነው። በዓሉ ላይ ኦርጋን ካላሰማህ ከፍተኛው የሚጠይቀው አንተን ነው። ነገር ግን የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ይበቃዋል፤ ከሞቱት ውጭ ያሉትን መርጦ፣ መነሻውን አዛውሮ መጫወት ይቻላል። እኔ ጠጋኝ ነኝ፣ መጫወት አልችልም። እዚህ ሰፈር ያንን የሚችል አንድ ሰው ነው፣ እሱም እናንተ ዘንድ ታስሯል።

ጓድ አምባው ወረቀቱን አየ፣ ኦርጋኑን አየ፣ እናቲቱን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና፣ ተክሌ ሄዶ ልጁን እንዲያመጣ አዘዘ። እስከ በዓሉ ድረስ ነው አለ፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ምንም አልተናገረም።

ቀናው ሲገባ ወርቅውሃ ሮጣ ልታቅፈው ሄደችና መንገድ ላይ ቆመች። የእጁ አንጓ በገመድ አብጧል፣ ጣቶቹ እንደ ሌላ ሰው ጣቶች ወፍረዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ ያን ጊዜውኑ መጥተሽ እኔ ነኝ ትያለሽ» አላት። «አላልሽም?»

እሱ ኦርጋኑ አጠገብ ቆሞ፣ ባበጠ ጣቱ ቁልፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ባንድ ነካ። አንዱ ዝም ሲል ቆም ይልና፣ በአገጩ እያመለከተ በልቡ ይመዘግበዋል። አራተኛውን ካለፈ በኋላ ትንሽ አሰበ፣ እጁን ሁለት ቁልፍ ወደ ቀኝ አዛወረ፣ በባቲ ቅኝት ጀመረ። መጀመሪያ ተደናቀፈ። ደግሞ ጀመረ። ሙሀመድዘይን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ራሱን መነቅነቅ ያዘ። ሊቀመንበሩም አልወጣም፤ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

ወርቅውሃ ግን አልተቀመጠችም። ልጇ ቁልፍ በነካ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ድምፁ ሲወጣ ትተነፍሳለች፤ ቀጣዩን ሲነካ ደግሞ ትደነግጣለች።