የጃስሊን የጠፉ ሰባት ወራት

ቡና ቤቴ ፖ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወሬ ስሰማ እንደ ኦሬስቴ ያንገበገበኝ የለም። ላሞቹን ሸጦ ካረፈ ወዲህ ጧት ጧት እኔ ጋ ካርታ እየተጫወተ ስለ ዜግነት ይሰብካል።

«እዚህ መወለድ ምን ቁም ነገር ነው? ጥጆቼም እዚሁ ተወለዱ፤ ፓስፖርት ይሰጣቸው?»

ማክሰኞ ዕለት ጃስሊን ከማዘጋጃ ቤቱ እየተንደረደረች መጣች። የላም አላቢው የባልቢር ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ከልጆቼ ጋር ያደገች። እኛ ጋ የውጭ ሰው ልጅ እዚህ ተወልዶ ሳያቋርጥ ከኖረ፣ ዐሥራ ስምንት ሲሞላው ዜግነት ይጠይቃል። ዐሥራ ዘጠኝ ከሞላው ግን አለቀ፣ ያ በር ይዘጋል። ጃስሊን ወረቀት ስታሟላ ከርማ ያን ዕለት ጨምሮ ሁለት ቀን ቀርቷታል።

«አክስቴ ኖርማ፣ መዝገቡ ላይ ሰባት ወር የለሁም! የአንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአገር ወጥቻለሁ ይላል።»

አባቷን አስጠራሁት። ባልቢር አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«አያቷ እንድታያት ፑንጃብ ልንወስዳት ነበር። ሕግ ላክብር ብዬ መሄዷን አስቀድሜ አስመዘገብኩ።»

«ሄደች?»

«የት ትሄዳለች! ሌላው አላቢ እግሩን ተሰብሮ ኦሬስቴ ፈቃድ ከለከለኝ።»

«ታዲያ ቀረን አትልም ነበር?»

«ዋሸ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሰባት ወር ጠብቄ፣ ተመለሰች ብዬ አስመዘገብኩ።»

ሕግ አክባሪነት እንዲህ ሰው ሲጎዳ አይቼ አላውቅም። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ማስረጃ ይሆናል ያልነው የክትባት ወረቀቷም ለእነዚያ ወራት ባዶ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ የነገረቻት መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ያሠራቸውና ከበረቱ በላይ ያኖራቸው ሰው ቀርቦ ይፈርም። ያ ሰው ደግሞ ኦሬስቴ ነው።

ባልቢር «ተይው ልጄ፣ ያዋርድሻል» አላት።

«ያዋርደኝ! ሰባቱን ወራቴን ግን አልተውለትም።»

ረቡዕ ጧት የመጨረሻው ቀን ነበር። ጃስሊን ከአባቷ ጋር መጥታ ከኦሬስቴ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገሩን ነገረችው። ከካርታው ቀና አላለም።

«ይህን ሕግ እንደምቃወም አገር ያውቃል።»

«ስለ ሕጉ አልጠየቅኩዎትም። በእነዚያ ወራት የት ነበርኩ?»

ካርታዎቹን በጣቱ ደረደረ። አብሮት የሚጫወተው ሽማግሌ ካርታውን ጣለ።

«ዱዳ ሆንክ እንዴ? መልስላት እንጂ!»

ኦሬስቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመኖ ሳጥን ውስጥ ነበርሽ። እናትሽ ስታልብ፣ ጧትም ማታም። አንቺ ስታለቅሺ ላሞቹ ወተት ይነሱን ነበር።»

«እሱኑ ይጻፉልኝ።»

«ባልጽፍስ?»

«እኔ እዚህ እንዳልነበርኩ ይመዘገባል። እርስዎ ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቁ ካርታዎን ይጫወታሉ።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ስንት ዓመት የሰደብኩት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንጀቴን በላኝ። ባርኔጣውን አነሣ።

«እኔ ግትር እባላለሁ እንጂ ውሸታም ተብዬ አላውቅም» አለና ተነሣ።

ቡና ቤቱን ለደንበኞቼ ትቼ ተከተልኳቸው። ኦሬስቴ ጸሐፊዋ ፊት ቆሞ የመኖ ሳጥኑን ሳይቀር አስጻፈ፣ ፈረመ። የጃስሊን ማመልከቻ ከቀትር በፊት ማኅተም ተመታበት። ባልቢር የልጁን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አላፈርኩም፣ አለቀስኩ።

ደረጃውን ስንወርድ ኦሬስቴ ዱላውን እየወዘወዘ ዞረ።

«አሁንም እቃወማለሁ፣ ሰምተሻል?»

«ይቃወሙ» አለችው ጃስሊን ክንዱን እየደገፈች። «የምርጫ ቀን መጥቼ እወስድዎታለሁ። እርስዎ ድምፅዎን ይሰጣሉ፣ እኔም ከኋላዎ ገብቼ በተቃራኒው መርጬ አጣፋዋለሁ።»