የንጉሡ ዕድሜ

ጡረተኛው ሾፌር መንግሥቱን የሚያስተዳድረው እንደ አውቶቡሱ ነው፤ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፣ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ማንም አያስቆመውም። ኮምፒውተር ላይ በሚጫወተው የጦርነት ጌም ንጉሡን በራሱ ስም ሰይሞ በራሱ ዕድሜ አንግሦታል። ለጠላቱ ንጉሥ ደግሞ የቀድሞ ስምሪት ሹሙን ስም አውጥቶለታል።

"በሥራ ዘመኔ ዕረፍት ከልክሎኛል፤ አሁን እኔ አገር እከለክለዋለሁ" ይላል።

ሰሞኑን ግን ነገር ተገለበጠ። ስምሪት ሹሙ ዋና ከተማዋን ከበበ፤ ጎተራው ሊራቆት ነው።

ሴት ልጁ ስልክ ጠጋኝ ናት። ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ የነገራትን ለእናቷ ብቻ አካፍላ፣ ለአባቷ "ትንሽ ድካም ነው አሉ፣ ኪኒኑን ብቻ አታቋርጥ" ብላዋለች። ዓመቱን መጨረሱ እንደሚያጠራጥር ከሁለቱ በቀር ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። እና ቢያንስ እዚያች ከተማ ላይ እንዲሸነፍ አልፈለገችም።

ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ጠብቃ የጌሙን ፋይል የፋይልን ጥሬ ቁጥሮች በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በሄክስ ኤዲተር ከፈተችው። ከተማው፣ ሠራዊቱ፣ ንጉሡ፣ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሰለፈ የቁጥርና የፊደል መንጋ ሆኖ ተዘረገፈ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጌሙን ሴቭ ማድረግ፣ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ እንደገና ሴቭ ማድረግ፣ ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች ማስተያየት። የተለያየው ቦታ የተፈለገው ቦታ ነው። አንድ ጆንያ ስንዴ ገዛች። ስንዴው ጎተራ የሚገባው ግን የጌሙ ዓመት ሲዞር ስለሆነ ዓመቱንም አዞረችው። ስታስተያይ ከአንድ በላይ ቦታ በአንድ ጨምሮ አገኘች።

የቱ ጎተራው እንደሆነ ሞክራ ማየት ነበረባት። ከመኝታ ቤት ሳል ተሰማ። የመጀመሪያውን መርጣ፣ ቦታው የሚችለውን ትልቁን ቁጥር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስትን፣ በዋናው ፋይል ላይ ሞላችና ሴቭ አደረገች። አባቷ ብቅ አለ።

"ልቀቂ እስቲ ወንበሩን፣ ዛሬ ስምሪት ሹሙን ጉድ አፈላበታለሁ።"

"ቀስ በል አባዬ፣ ለጨዋታ ብለህ ደምህን አታፍላ።"

አባቷ ተቀምጦ ዓመቱን አዞረ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ደወል ተደወለ። ንጉሡ በሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው በእርጅና ማረፋቸውን ጌሙ አስታወቀ።

"ይሄ ሰውዬ ስንት ጊዜ ጡረታ ወጣ?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉም ቆመ። ዞሮ አያት። "ነካክተሽዋል።"

"ጎተራውን ልሞላልህ ብዬ ነው። ተሳስቼ ዕድሜውን... የድሮው ፋይል አለኝ፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

"አንቺ?" አለ ቀስ ብሎ። "ትኩሳት ይዞኝ እንኳ በካርታ ጨዋታ ስታራግፊኝ የኖርሽው ልጅ? ለእኔ ማጭበርበር ከመቼ ወዲህ ጀመርሽ?"

ወደ ስክሪኑ ዞረች።

"ከሐኪም ቤት ከመጣን ወዲህ" ብሎ ራሱ መለሰ።

ማድ ቤት ሲንቋቋ የነበረው የሰሃን ድምፅ ተቋረጠ። እናትየው ግን ብቅ አላለችም።

"ፋይሉን ልመልስልህ" አለች ልጅቷ፤ እጇን ወደ ማውሱ ላከች።

አባቷ ማውሱን አንስቶ ከእሷ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ሳብ አደረገላት።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ። ሐኪሙ ያለሽን አንድ በአንድ ንገሪኝ።"