ዘጠኝ ልቃቂት

ሰርካዲስ ወደ ባዛሩ የሄደችው ለበቀል አልነበረም። የሱፍ ክርና ስምንት ቁጥር የሹራብ መርፌ ልትገዛ ነው የሄደችው። በቀሉ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ጠበቃት።

ጊዜው መጋቢት 2007 ነው። ሚዛን ተፈሪ ኳስ ሜዳ ላይ የሦስት ቀን የእጅ ሥራ ባዛር ተከፍቶ ሸማኔው፣ ፈታዩ፣ ዳንቴል ሠሪው፣ ክር ነጋዴው ከቴፒም ከጌጫም ተጠራርቶ መጥቷል። ዝናቡ ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ሜዳውን ቀይ ጭቃ አድርጎታል። ሰርካዲስ ሹራብ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። ደንበኞቿ የማጂና የጌጫ ደገኞች ናቸው፤ እነሱ ሹራብ ሲመርጡ ሚስት የሚመርጡ ይመስል አገላብጠው፣ ስበው፣ አሽተው ነው። ስለዚህ በክር አትቀልድም።

ሰይፈዲን ክር ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያያት ሳቀ። ልማዷን ያውቃል። ቱባውን ጉንጯ ላይ ታሻሽና ይኮሰኩስ እንደሆነ ታያለች፤ ቀጥላ አንድ ዘለላ በምራቋ አርሳ በነጠላዋ ጠርዝ ትፈትገዋለች፤ ቀለም ከለቀቀ አትገዛም።

«ዛሬም ልትልሺው ነው ሰርኬ?» አላት።

«ባለፈው ዓመት የሸጥክልኝ ቀይ የአንድ ዲያቆን አንገት አቅልቶ ነው የተመለሰልኝ። እልሰዋለሁ!»

«በይ ላሺው። የእጅ ፈትልም ማየት ከፈለግሽ ግን ማዶ ያለው ድንኳን ሂጂ። ዘጠኝ ልቃቂት አለ፤ ነገ የውድድሩ ዳኞች አንደኛ የሚሉት እሱን ነው እየተባለ ነው።»

መርፌዋን ገዝታ በእጇ እንደያዘች ተሻገረች። ዘጠኙ ልቃቂት በሰፌድ ላይ ተቀምጠዋል። የድንኳኑ ባለቤት ጀርባዋን ሰጥታ ከጎረቤቷ ጋር ትሳሳቃለች። ሰርካዲስ የአንዱን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ መሀል አሽከረከረችው፤ ክሩ እንደ ማንኛውም ክር በመክረር ፈንታ ላላና ተፈታ። በሌላ ወገን አሽከረከረችው፤ ከረረ። በግራ የከረረ ክር ነው። በሚዛን ተፈሪ በግራ እጇ የምትፈትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

ሴትዮዋ ዞር አለች። የሺሃረግ ናት፤ የሰርካዲስ ታናሽ ወንድም የባየ ሚስት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰርካዲስ እናት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ግራኝ ነበሩ። በልጅነታቸው ግራ እጃቸውን ቢያስሯቸው፣ ቢገርፏቸው፣ እንዝርቱ በቀኝ እሺ አላላቸውም። በእርጅናቸው ዓይናቸው እስኪደክም ሦስት ዓመት ዘጠኝ ልቃቂት ፈትለው «ይኼ ለሰርካዲስ ጋቢ ነው፤ እኔ ስሄድ ብርዱ ያኔ ነው የሚጀምራት» ብለው በሙዳያቸው አስቀመጡት። ያረፉ ሳምንት ለቀስተኛው ሳይበተን ሙዳዩ ባዶ ተገኘ። የሺሃረግ ዓይኗን እያበሰች፣ «እትዬ ሰርካዲስ ወደ ጓዳ ስትገባ አይቻለሁ፤ ለእሷ የተባለ ነው፣ ግን ከቤተሰብ ተደብቆ ይወሰዳል?» አለች። ባየ በሰው ፊት፣ «በእማዬ አጥንት ማዪ» አላት። ሰርካዲስ ማለች። አላመናትም። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ በሯን አልረገጠም፤ በወባ ወድቃ ሁለት ሳምንት ስትተኛም «እንዴት ነሽ» አላላትም። ሰፈሩም ከእናቷ ሬሳ የሰረቀች ሴት እያለ ለአራት ዓመት በዓይኑ ጥግ አያት።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ሰርካዲስ ቂሟን ይዛ አራት ዓመት ጸልያለች፤ የሺሃረግ ሳሏን አራት ዓመት አፍናለች። ዛሬ ግን ሽልማት አምሯት አሳለች።

«ምን ፈለጉ?» አለች የሺሃረግ፣ ፊቷ ደም ሳይኖረው።

«ምንም። ደስ የሚል ፈትል ነው፤ እጅሽ ይባረክ» አለችና ሰርካዲስ ፈገግ ብላ ወጣች። እዚያው ጸጉሯን መጨምደድ አቅቷት አይደለም። የሺሃረግ ማልቀስ ታውቅበታለች፤ ከጮሁባት ተበዳይዋ እሷ ትሆናለች። ነገ ግን ዳኞች አሉ። ነገ ባየ ሚስቱ ስትሸለም ለማየት ከቢሮ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። ሰርካዲስ የምትፈልገው የየሺሃረግን ዕንባ አልነበረም፤ የወንድሟን ፊት ነበር የምትፈልገው። እውነቱን ሲያውቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት አራት ዓመት ተርባለች፤ እንዲህ ያለ ረሃብ ደግሞ አንድ ቀን ቢጨመርበት አይገድልም።

በማግስቱ የሺሃረግ ሰፌዱን አልደበቀችም። እንዴት ትደብቀው? አገሩ ሁሉ አይቶታል። ባየ ኮቱን ለብሶ አጠገቧ ቆሟል። ከዳኞቹ ትልቁ ጋሽ እንድርያስ፣ ዕድሜውን ሁሉ በሽመና ያሳለፈ ሽማግሌ፣ አንዱን ልቃቂት አንስቶ «ማን አስተማረሽ ልጄ?» ሲል ሰርካዲስ ሰዉን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«አንዱን ልገዛ ነው። ተተርትሮ ልየው።»

ልቃቂት የሚገዛ ሰው ይህ መብቱ ነው። ከላይ ቀጭን ፈትል አጠንጥነው ከሥሩ ወፍራሙን የሚደብቁ ስላሉ፣ ገዢ «ይተርተር» ካለ ይተረተራል፤ እምቢ ያለ ሻጭ በገዛ አፉ አጭበርባሪ ነኝ እንዳለ ይቆጠራል።

ባየ ደነገጠ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ከአራት ዓመት በኋላ የነገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ክር ልገዛ። የሺሃረግ፣ በየትኛው እጅሽ ነው የምትፈትይው?»

«በየትኛው ይፈተላል? በቀኝ ነዋ!»

ጋሽ እንድርያስ ጫፉን በጣቱ አሽከረከረና ቅንድቡ ተነሳ። «ይኼማ በግራ የከረረ ነው» አለ። «ደግሞ ገዢ ጠይቋል። ይተርተር።»

ሰርካዲስ መተርተር ጀመረች። ልብ ያለው ፈታይ ሲተረትር ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነው፤ እሷ ግን ቁልቁል ለቀቀችው። ነጩ ፈትል እግሯ ሥር ጭቃው ላይ ተከመረ። ልቃቂቱ ብርቱካን አከለ፣ ሎሚ አከለ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ከነገለባዋ የደረቀች የቡና ፍሬ መዳፏ ላይ ወደቀች።

«ባየ፣ እማዬ ልቃቂት የምታጠነጥነው በምን ላይ ነበር? ፍሬውን ከማስጫው ላይ እየለቀመ የሚያቀብላት ማን ነበር?»

አቀባዩ ባየ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ትንንሿን ፍሬ መርጦ ሲያመጣ እናቱ ግንባሩን ይስሙት ነበር።

«በቡና አገር ቡና ቢገኝ ምን ይገርማል!» አለች የሺሃረግ። «ወድቃ ገብታ ነው!»

«እንግዲያው ሌላውም ይተርተር።»

ሁለተኛውን ተረተረችው። ቡና። የሺሃረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሰዉ «ኡ!» አለ፤ አንዲት አሮጊት ጭቃው ላይ ተፉ። ጋሽ እንድርያስ የሰርካዲስን እጅ ያዝ አደረገ።

«ልጄ፣ ሁለት ምስክር ይበቃል። ፈትሉ ያሳዝናል።»

አልበቃትም። ሦስተኛውን አነሳች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷም በእያንዳንዱ ዙር አንድ ያልረሳችውን ነገር ተረተረች፦ ያን መሐላ፣ ያን ወባ፣ ባዶ ያለፉትን ፋሲካዎች። ደስ አላት። ውሸት አይወራም፣ በጣም ደስ አላት። ባየ «እታለም፣ በቃ፣ ገብቶኛል» ሲላት ይበልጥ ፈጠነች። ሰዉ ለማየት እየተገፋፋ ገባና ፈትሉን ረገጠው። ዘጠነኛው ሲያልቅ ክሩ ከጭቃው ጋር ተቦክቶ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል።

ባየ ተንበረከከ። «እታለም፣ ይቅር በይኝ።»

የፈለገችው ፊት ይኸው ነው፤ ጠግባ አየችው። ከዘጠኙ ፍሬ አንዷን እጁ ላይ አኖረችለት።

«በእማዬ አጥንት ማዪ ስትለኝ ምዬልህ ነበር። ጆሮህ የት ነበር? ይችን ያዛት። ለብርዱ ደግሞ ሚስትህ በፈተለችው ታልብስህ።»

የተተረተረውን ሁሉ በክንዷ አቅፋ፣ ጭቃው በቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ መንገድ የሚለቅላትን ሰው መሀል ለመሀል ሰንጥቃ ሄደች። ሰይፈዲን ባጃጅ አስቁሞላት «ኮራሁብሽ» አላት። እሷም ኮርታ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ፈትሉን በሳፋ ዘፈዘፈችው። አንድ ውሃ፣ ሁለት ውሃ፣ አምስት ውሃ ለወጠች፤ ፈትሉ ግን ቀይ ሆኖ ወጣ። ጫፍ ፈለገች፤ ጫፉ በጫፍ ገብቷል። ሳብ ስታደርገው ተበጠሰ። በሌላ በኩል ሳበች፤ እዚያም ተበጠሰ። ቋጠሮ መፍታት እንጀራዋ የሆነ ሴት እስከ ማታ ተቀምጣ ከዘጠኝ ልቃቂት አንድ ክንድ የሚሞላ ደህና ክር ማውጣት አቃታት። ከዚህ ጋቢ አይወጣም፤ ምናልባት ለአንድ ጧፍ ክር ይሆን ይሆናል።

እውነቱ ከወጣ በኋላ ስንቱን ልቃቂት በከንቱ እንደ ተረተረች ቆጠረች። ሰባቱን። ጋሽ እንድርያስ ነግሯት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሌባዋ ቤት አንድ ዙር ሳይጎድልበት የኖረውን የእናቷን ፈትል በአንድ ጠዋት ያጠፋችው እሷ፣ ጋቢው የተፈተለላት ልጅ ናት። በእናቷ አጥንት ብትጠየቅ አሁን ምን ብላ ትምላለች?

እርጥቡን ክር ጭኗ ላይ እንዳደረገች ውጭ ዝናቡ ጀመረ፤ በረዳት። ከሰይፈዲን የገዛችውን አዲስ መርፌ አወጣች፤ ክር መግዛቱን ግን ረስታው ነበር።