ምሊንዲን የወሰደው ሰው

የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ምዚማሲ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ወደ መንደሩ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ውሻውን ይደብቃል። ሁሉም «ታታ»፣ አባባ ማለት ነው፣ የሚላቸው ሽማግሌው ሳኩምዚ ግን አልደበቁም። ጎረቤታቸው ናት የጠቆመችው፤ ውሻቸው ምሊንዲ በቆሎው ውስጥ ለሃጩን ከሚያዝረበርብ ቀበሮ ጋር ሲናከስ አይታለች።

ሽማግሌው የወርቅ ጉድጓድ ፈንጂ ዓይናቸውን ካጠፋው ወዲህ ወደ ሱቅም ወደ ቤተ ክርስቲያንም የሚመራቸው ይኸው ውሻ ነው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም።

«ምዚማሲ ነህ? መኪናህን በድምፁ አወቅኩት።»

«አዎ ታታ። ምሊንዲ ተነክሷል አሉኝ።»

«ጆሮውን። በእጄ አጥቤለታለሁ።»

«ተከትቦ ቢሆን ኖሮ...»

«ይዤው መጥቼ የለም እንዴ? ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን፣ ‹መድኃኒቱ አልቋል፣ ሌላ ጊዜ ኑ› ብለህ መለስከን።»

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ምዚማሲ አለቆቹን ቢወተውትም ክትባቱ አልመጣም።

«ቤት ውስጥ አስሬ ባቆየውስ?»

«ከታመመ መጀመሪያ የሚነክሰው እርስዎን ነው።»

«ይንከሰኛ። ያለ እሱ ምን ቀረኝ?»

ምዚማሲ ባለፈው ክረምት በእብድ ውሻ በሽታ የሞተችውን ልጅ ሆስፒታል ሄዶ አይቷታል። ውሃ ሲቀዳ በሰማች ቁጥር ትጮህ ነበር። ይህን ለሽማግሌው ሊነግራቸው አልደፈረም፤ ውሻ የሚይዝበትን ማነቂያ ዘንግ ብቻ አነሳ።

«እሱን ተወው» አሉ ዘንጉ ሲንኳኳ ሰምተው። «እኔ እይዘዋለሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጡና የውሻውን አንገት አቀፉ። ምሊንዲ የመግደያው መርፌ ሲወጋው እንኳ አልተንፈራገጠም።

«አለቀ?»

«አለቀ ታታ።»

እጃቸውን ከጀርባው ላይ ለማንሳት ቆዩ። ምዚማሲ ሬሳውን በላስቲክ ጠቅልሎ ጫነ።

«አሁን ክትባት እንሂድ። ቁስሉን ሲያጥቡ በሽታው ተጋብቶብዎት ይሆናል።»

«ክሊኒኩ መድኃኒት አለው?»

«የእኛው የለውም። ከተማ ድረስ እኔ አደርስዎታለሁ።»

ሽማግሌው በአፍንጫቸው ሳቁ። «ለውሻዬ ያጣችሁትን ለእኔ ልትሰጡኝ?» አሉና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ገቡ።

በማግስቱ ምዚማሲ በማለዳ መጣ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ታታ፣ እባክዎን። ጊዜ የለንም።»

«ሂድ ልጄ። እዚህ የምትወስደው ውሻ የለም።»

ለመነ፣ ተቆጣ፣ ጎረቤቶችን አስለመነ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው መልስ መስጠቱንም ተዉት። ምዚማሲ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ጠራ፤ ወንዝ ማዶ ውሻ ላም ነክሷል፣ ቶሎ ና አሉት። ተነሳና መኪናውን አስነሳ።