የበረዶ አለቃው ይውጡ

ቲትያ እባላለሁ፤ በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ መሥራት ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚያ ሳምንት የተናደድኩበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። ዳይሬክተራችን ሩርድ የመውጫውን በር በመጽሐፍ መደርደሪያ ፎቶ አስለበጠው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሽማግሌዎች በር መሆኑን ካላወቁ ለመውጣት አይሞክሩም ተብሎ ነው። ከእነሱ አንዱ የሆኑት አባባ ዎበ በማግሥቱ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡና መደርደሪያውን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄን ሁሉ መጽሐፍ በር ላይ የለጠፈው የትኛው ቂል ነው?» አሉኝ። «ክፈቺ እንጂ ልጄ፣ ውጭ እኮ ብርዱ ጠንቷል!»

ብርድ ሲጠና ሌላው ሰው ቤቱ ይከተታል። እሳቸው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደራችን የበረዶ አለቃ ነበሩ። በመንደሩ የሚያልፈው ቦይ ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ፣ ጠዋት ጠዋት ወርደው የበረዶውን ውፍረት የሚለኩት እሳቸው ነበሩ፤ «ይቻላል» ካላሉ ከንቲባውም ቢሆን ለመንሸራተት እግሩን አያሳርፍም። ዛሬ የልጃቸውን ስም እንኳ ረስተዋል። ብርድ ሲመጣ ግን አርፈው አይቀመጡም፤ በሩን ይደበድባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ምሳ አይቀምሱም።

ሩርድ በሚመጣው ሐሙስ ስብሰባ ጠርቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያዛውራቸው ወሰነ። እዚያ በሩ ይቆለፋል፣ ማስታገሻ ኪኒንም አለ። ከዚያ ፎቅ በእግሩ የወረደ ሰው አላየሁም። የቀረው የልጃቸው የሂስከ ፊርማ ብቻ ነበር።

«እንዳትፈርሚ» አልኳት። «ያሉበትን የሚያሳይ አምባር እጃቸው ላይ እናድርግና ይውጡ።»

«አባዬ ቦዩ ውስጥ ቢገባስ?»

«አንቺ ነሽ የምትጠየቂው?» ብሎኝ ሩርድ ጣልቃ ገባ።

«አዎ፣ እኔ! አንድ ጠዋት ከኋላ ሆነን እንያቸው። አንድ እግራቸው በረዶው ላይ ካረፈ፣ እኔው ራሴ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ላይኛው ፎቅ አደርሳቸዋለሁ።»

አንድ ጠዋት ብቻ ተብሎ ተስማሙ።

ረቡዕ ጠዋት ወጣን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኛ ሦስታችን ራቅ ብለን ከኋላ። ቤት ውስጥ እግራቸውን የሚጎትቱት ሰውዬ ቀጥ ብለው ተራመዱ እላችኋለሁ! ቦዩ የሚታጠፍበትን ዞረው ከእኛ ማዶ ቆሙ። በከዘራቸው ጫፍ በረዶውን መታ መታ አደረጉ፣ ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ ትንሽ ሄደው ደግመው መቱ። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

«ሊገቡ ነው!» ብሎ ሩርድ ተስፈነጠረ። በመንገዱ ዞሮ እንደመሮጥ በበረዶው ላይ ማቋረጥ አማረው። እዚህ አገር ተወልዶ በረዶ አላውቅም የሚል ወንድ መቼም የለም። «ይሸከማል!» እያለ ገባ። ማዶ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው በረዶው ቋ ብሎ ተሰነጠቀና እስከ ወገቡ ሰመጠ።

አባባ ዎበ አልደነገጡም። እዚያው ዳር ላይ በደረታቸው ተኙና ከዘራቸውን ዘረጉለት። «ያዝ! አትንፈራገጥ!» እኛም በመንገዱ ዞረን ሮጠን ደረስንና ተጋግዘን አወጣነው።

«ማን ፈቀደልህ?» ብለው አፈጠጡበት። «ውፍረቱ ሁለት ጣት እንኳ አልሞላም እኮ! እንዳንተ ያለው ደደብ ነው በየዓመቱ የሚያስለቅሰን!»

የሩርድ ጥርስ ይንገጫገጫል። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሂስከ ግን ታለቅስ ነበር። አባቷ ማን እንደሆነች አላወቁም፤ እጃቸውን ዘርግተው ከዳሩ መለሷት። «አንቺም ልጆችሽን ያዢ፣ እመቤት። ዛሬ ማንም አይገባም።»

«እሺ አባዬ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምንም አያውቅም እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነበር» አለችኝ። «አፈርኩ።»

የሐሙሱ ስብሰባ አጭር ነበር። ሩርድ እያስነጠሰ የማዛወሪያውን ወረቀት ወደ ኪሱ መለሰው። ሂስከም ለአምባሩ ፈረመች።

አርብ ጠዋት ብቻቸውን ወጡ። ተከትያቸው ልሮጥ ምንም አልቀረኝም፤ ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። ሂስከ ከሥራ ቦታዋ ደወለች።

«የት ነው?»

አምባሩን የሚከታተለውን ስክሪን አየሁ። «ቦዩ ዳር ናቸው።»

«ማን አብሮት አለ?»

«ማንም።»

 

«እንዳትጠሩት» አለችኝ። «ሥራ ላይ ነው።»