መልሱ እስኪመጣ

መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ አልተነሣም። ማኅሌት ጥቁሩ ስክሪን ላይ የቆመችውን መስመር ደግማ አነበበች፤ ከማሽኑ ተቆጣጣሪ መልስ አልተገኘም ትላለች።

ላሊበላ ውስጥ እርሷ በምትሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በኮምፒውተር ክፍሉ በር አጠገብ አባቷ መሪጌታ ውባንተ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከከተማው ወጣ ባለችው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ2001 ክረምት ግማሽ አካላቸውን ካመማቸው ወዲህ ቃል ስለሚዘገይባቸው ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ ቤት ብቻቸውን እንዳይውሉም ሥራ ቦታዋ ይዛቸው ትመጣለች። ዛሬ ታላቅ ወንድሟ ሰውአገኝም አብሯቸው አለ። ነገ አባቱን አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነው፤ ሐኪሙ ቅርብ፣ ቤቱም ሰፊ ነው ይላል። ትናንት ሲጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ማኅሌት ደግሞ እሺ ማለታቸው ነው አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

«የመንግሥት ዕቃ እንደ ሠራተኛው ነው፤ ሳይረፍድ አይነሣም» አለ ሰውአገኝ።

ማኅሌት ፈገግ ብላ አስረዳችው። ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ሙቀቱንና ማራገቢያውን ለምትጠብቀው ትንሽ ተቆጣጣሪ በየደረጃው አጫጭር መልእክት ይልካል፤ መልስ ሲያገኝ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ማሽኑ በወጉ ሲዘጋ ተቆጣጣሪዋ ነቅታ ስለምትቆይ ወዲያው ትመልሳለች። መብራት ሲቋረጥ ግን እርሷም ትጠፋለች። ከዚያ ሁለቱ እኩል ይነሣሉ፤ ፕሮግራሙ ፈጣን ነውና እርሷ ራሷን ሳታሰባስብ ይጠይቃታል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ የለችም ብሎም ይቆማል።

«ተበላሽታለች በይኛ።»

«አልተበላሸችም። ጊዜ አልተሰጣትም።»

ይህን ብላ ፕሮግራሙ መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ አስረዘመችው፤ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅላ መልሳ ሰካችው። ማራገቢያዎቹ አጓሩ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቆየ።

ማኅሌት ወንበሯን ወደ አባቷ አዞረች።

«አባባ፣ ነገ ከሰውአገኝ ጋር መሄድ ይፈልጋሉ?»

የመሪጌታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሰውአገኝ ሊናገር ሲል ማኅሌት እጁን ያዝ አደረገችው። እርሷም ብትሆን እስከ ዛሬ በዚህ ዝምታ መካከል ገብታ ውሃ ፈልገው ነው፣ ደክሟቸው ነው ትል ነበር። አሁን ጠበቀች። የአባቷ ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ፣ ለተማሪ ዜማ እንደሚመራ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከጀርባዋ ስክሪኑ በራ። ዞር አላለችም።

«ገነተ ማርያም» አሉ መሪጌታ። አረፍ ብለውም «ልጆቹ... ዜማውን አልጨረሱም» አሉ።

ማኅሌት አንገቷን ደፋች። ዛሬ ስትጠይቃቸው፣ እርሷ ዘንድ መቅረት እፈልጋለሁ የሚሉ መስሏት ነበር።

ሰውአገኝ ወንበሩን ስቦ አባቱ ፊት ተቀመጠ።

«እዚያ ማን ያበስልልዎታል አባባ?» አለ፤ እጁንም በእጃቸው ላይ አድርጎ ይጠብቅ ጀመር።