ጠጠሩን ሸፍነሽ እዪ

ጠጠሩን አገኘችና ማየቷን አቆመች። ስህተቷ ይኸው ነበር።

የሲቲ ስካን ምስል ማንበብ ስትማር ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ከችኮላዋ የተነሳ "ጥይቷ" ይሏታል። የአንድ አውቶቡስ ሹፌር የሆድ ምስል ከፍታ በወጉ ሳትቀመጥ ግራ ኩላሊቱ ውስጥ ነጭ ጠጠር አየች። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ደውላ፣ "ጠጠር ነው፤ ማስታገሻ ሰጥታችሁ ሸኙት" አለች። ሰውየው አሁን ኮሪደሩ ላይ መድኃኒቱን እየጠበቀ ነው። ከሰዓት ተሳፋሪ ጭኖ ይወጣል።

ጡረታ መውጣት ረስተዋል የሚባልላቸው ሽማግሌው መምህሯ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኗ አስጠጉ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም፣ ዶክተር። ጎኑን አመመው፣ ጠጠር ተገኘ፤ አለቀ።"

"ሰውየው ከአንድ በሽታ በላይ አይዘኝም ብሎ ፈርሞልሻል?"

አጠገቧ የተቀመጠው የክፍሏ ልጅ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ጥይት ዞራ አታይም።"

"አንተ የያዝከውን የጭንቅላት ምስል ጨርስ" አለችው።

መምህሩ ጠጠሩን በጣታቸው ሸፈኑት። "ይኼ የለም እንበል። ከላይ ጀምሪና ጮክ እያልሽ ውረጂ።"

የልጅ ጨዋታ መሰላት፤ ቢሆንም ጀመረች። ሰውየው እንደ ዳቦ ተቆርጦ፣ ቁራሽ በቁራሽ ከፊቷ አለፈ። "ጉበት ደህና። ሐሞት ከረጢት ደህና። ጣፊያ ደህና። ቆሽትም ደህና። አከርካሪ ደህና። ከፊቱ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ..."

አቋረጠች። ከአውራ ጣት እምብዛም መወፈር ያልነበረበት ክብ ከአከርካሪው አጥንት በልጦ አብጧል። ጠጠር ነጭ ስለሆነ ዓይን ይጠራል፤ ይኼ ግን ግራጫ መሐል ግራጫ ሆኖ ዝም ብሎ ተኝቷል።

"ይኼማ ሊፈነዳ ይችላል" አለች። "ያመመውም ይኸው ይሆናል። መሪ ይዞ ሳለ ቢፈነዳ፣ እሱም ተሳፋሪውም አለቁ።"

"አሁን አየሽ።" ስልኩን አነሱ። "ለቀዶ ሐኪሙ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ውጤቱን አስተካክዪ። ሰውየውን ነርሶቹ ያስቀሩታል፤ ማን እንደተሳሳተ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?"

"ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቆይ የምለውም እኔው ነኝ።"

"ይቆጣሻል።"

"ይቆጣ። ብቻ ተኝቶ ይቆጣ።"

ተነስታ ወጣች። የኮሪደሩ ብርሃን ስክሪኖቹ ላይ እንዳያርፍ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።